መርዶ ሳይነገር አይነፋም

ሰኔ 22 ቀን 2017፣ እሑድ

ዛሬ የዕድር ስብሰባ ነበር። የሆነውን ካልጻፍኩት አንጀቴ አይበርድም።

አጀንዳው የእኔ ጡሩምባ ነበር። ዳኛችን ገብረዋሕድ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ከጥንትም አውቃለሁ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አብዛኛው አባላችን ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ እዚህ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ የቀረነው እፍኝ ሰው ነን፤ ስለዚህ ሰው ሲያርፍ በጡሩምባ መልፈፍ ቀርቶ በስልክ መልእክት ይሁን አለ። ዘመናዊ አሠራር ተገኝቷል አለ። ማን እንዳመጣው ግን አልተናገረም። ቀና ስል ልጄ ብሩክታይት በሩ አጠገብ ቆማለች። ላፕቶፗን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

ከቤቴ ወጥታ፣ ቁርሴን አብልታኝ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ።

ለክረምቱ ይሞከር ተባለ፣ እጅ ወጣ። እኔ አላወጣሁም። ገብረዋሕድ ወደ እኔ ዞረና ዕረፍት እንደሚያስፈልገኝ፣ ትንፋሼም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ተናገረ። ሰው ሳቀ። የራስህን ትንፋሽ ቁጠር አልኩት።

ጡሩምባውን አስረክብ አላሉኝም። ቢሉኝም አላስረክብም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

እስከ ዛሬ ድረስ አኮረፍኳት። ማታ ወጥ ስታወጣልኝ «አባዬ፣ እስከ መቼ ነው?» አለች። እስከፈለግኩት አልኳት።

ሳልጠይቃት ታስረዳኝ ጀመር። የዕድር ድረ ገጽ ነው አለች። ዳኛው የሐዘኑን ማስታወቂያ ጽፎ ሲያስቀምጠው ለአባሉ ሁሉ በየስልኩ ይደርሳል። የት ነው የሚቀመጠው ብላት «ክላውድ ላይ» አለች። ደመና ማለት ነው። ክረምት ገብቶ ጣራዬ እያፈሰሰ፣ ልጄ ደመና ላይ ዕቃ አስቀመጥን ትለኛለች።

«ደመና የምንለው የሰው ኮምፒዩተር ነው፤ ሩቅ አገር ያለ» አለች።

«ታዲያ ለምን የሰው ኮምፒዩተር አትሉትም?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እናቷ አፀደ ብትኖር ታስታርቀን ነበር። ይህን መጻፍ ያስለመደችኝ እሷ ናት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ፊደል ስታስቆጥረኝ ነው የወደድኳት። ለሙሽራ ጥሎሽ የሚሰጠው ወንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሰጠችው እሷ ናት፤ ፊደል ሰጠችኝ። ሰው መሀል ጋዜጣ ስገልጥ ደረቴ የሚነፋው ለዚህ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አዎ። ግን አነባለሁ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ቢሮ የላቸውም፤ ሳሎኔ ቢሮ ሆኗል። ሙኽታር የሚባል የሥራ ባልደረባዋ በየማለዳው ይመጣል። የወሎ ልጅ ነው፣ ሥርዓት ያውቃል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። የአፀደን ወንበር ሲስብ ግን ሌላ ወንበር አመጣሁለት።

ዛሬ አጉል ጠየቅኩት መሰለኝ፣ አስረዳኝ። ለአንድ ዕድር ብቻ ቢሆን በእጃቸው ሠርተው ይገላገሉ ነበር። ነገ ሌላ ዕድር ሲመጣ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ሲመጣ፣ ከዜሮ መጀመር አይቻልም። ስለዚህ ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቤት ምን ምን እንደሚኖረው አንዴ በጽሑፍ ያዛሉ፤ ይህን ያህል ማሽን፣ እዚህ የስም መዝገብ፣ እዚህ በር፣ በሩ ላይ ቁልፍ። ጽሑፉ አብነት ይባላል። ትእዛዝ ሲሰጥ ቤቱ ራሱ ይቆማል። ግንበኛ የለ፣ ጭቃ የለ።

አብነት ብዬ የማውቀው የቄስ ትምህርት ነው። ተማሪው መምህሩ ያለውን ይላል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«እሱው ነው ጋሼ» አለ ሙኽታር። «ማሽኑ የተጻፈለትን እንጂ ያሰብንለትን አያውቅም።»

ሲበላሽስ አልኩ። አንጠግነውም አለች ብሩክታይት፤ አፍርሰን ከአብነቱ እንደገና እናቆመዋለን። ሰፈሬን ያፈረሰው ሰው ከእናንተ ነው የተማረው አልኳት።

ከዚያ ትእዛዝ የሚሰጠውን ቁልፍ አንተ ንካው አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሻይ ልታመጣ ስትሄድ ነካሁት። ለመንቀፍ ማወቅ ያስፈልጋል። የፈረንጅ ፊደል እንደ ዝናብ ወረደ፤ ሙኽታር ጣቱን እየሰደደ አሁን በሩ ቆመ፣ አሁን መዝገቡ ገባ ይለኛል። መጨረሻ ላይ የዕድራችን ስም በአማርኛ ወጣ፣ ከላይ፣ ደማቅ ሆኖ።

ቆሜ የቀረሁት ደስ ብሎኝ አይደለም። ወገቤ ይዞኝ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ አቦ

ጫማ ሠሪው ሃይለኣብ ዐረፈ። ነፍስ ይማር። ቤተሰቡ አጠገቡ ሆኖ ነው የሞተው፤ መርዶ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ጡሩምባ እንዳልነፋ ተነግሮኛል። ነፋሁ። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ጀምሬ እስከ አዲሱ ሆቴል ድረስ ወረድኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ሮጦ መጣና እንግዶች ተኝተዋል አለኝ። እንግዶችህም አንድ ቀን ይሞታሉ፣ ያኔ ማን ይነፋላቸዋል አልኩት። ጡሩምባውንም ደገምኩለት።

ሳል ያዘኝ፤ ብርድ ነው።

ቀብር ላይ ከለሚ ኩራ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። ዓመት ሙሉ ያላየኋቸው ሰዎች። እነ እንቁም መጡ። እንቁ የድሮ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነበር። የአፀደ ሚዜ። እንዴት ሰማሽ ብላት ራሕማ የምትባል የፎቋ ጎረቤት ስልኳን አንብባላት ነው። ልጇ አብኔዘር ደህና ነው፤ የጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል።

የእኔን ጡሩምባ ሰምቶ የመጣ ሰው እንዳለ ጠይቄ ነበር። ሰው ሐዘን ላይ ነበር፣ አልመለሰልኝም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ተጣላን። ጥሩ አድርገን ተጣላን።

ምሳ ላይ፣ ያ መልእክት ለማን ለማን ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኩ። ለሁሉም አለች። ለሟቹ ቤተሰብስ? መዝገብ ውስጥ ስልክ ያለው ሁሉ ይደርሰዋል አለች፣ እንጀራዋን እየጠቀለለች።

ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። መርዶ ምን እንደሆነ የእኔ ልጅ አታውቅም ማለት ነው? ሰው ሲሞት የቅርብ ዘመዱ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድር ያውቃል፣ ድንኳኑ ተዘጋጅቶ ያድራል፤ እናት ግን ትተኛለች። አንዲት ሌሊት እንቅልፍ እናተርፍላታለን። ንጋት ላይ ሽማግሎች ሄደው፣ ሰው ከቧት፣ የሚይዛት እጅ አጠገቧ ሆኖ ትሰማለች። እኔ ጡሩምባ ከመንፋቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መርዶ ተነግሯል? አልተነገረም ከተባልኩ ጡሩምባው ከብብቴ አይወጣም። ከእኔ በፊት የነበረው ነፊም እንደዚሁ ነበር። መርዶ ሳይነገር አይነፋም። ያንቺ ማሽን ግን እናቱን ገበያ መሀል፣ ታክሲ ውስጥ፣ ብቻዋን ይነግራታል አልኳት።

ሙኽታር አንገቱን ደፋ። እኛ ዘንድም እንደዚሁ ነው፤ ቀብሩ ይፈጥናል እንጂ ለቤት ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም አለ።

ብሩክታይት ልክ ነህ አባዬ አለች። አብነቱ ላይ እንጽፈዋለን፤ መርዶ ተነግሯል ብሎ ሰው ምልክት ሳያደርግ ማስታወቂያው አይወጣም፤ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ተሞክሮ።

አሁኑኑ አልኳት። ጠረጴዛውን መታሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ሞት ይጠብቅሻል አልኳት።

እጇን ሳትታጠብ ላፕቶፑን ከፈተች። ትንሽ ነካካችና «ይኸው፣ ዘግቼዋለሁ። አሁን ደስ ይበልህ» አለች። ሙኽታር በዝግታ «ብሩኬ፣ የዘጋሽው እዚያው የቆመው ቤት ላይ ነው እንጂ አብነቱ ላይ እኮ አላስገባሽውም» ሲላት ሰማሁ። አውቃለሁ፣ በኋላ አለችው።

አሸነፍኩ። ምሳው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም በላሁት።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ዝናብ። ሳል። ብሩክታይት ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። አልሄድም።

ሌላ ዕድር፣ የገርጂ፣ እኛም እንፈልጋለን ብሎ መጣ። ልጆቹ ቀን ከሌት ሥራ ላይ ናቸው። የመርዶውን ጉዳይ አብነቱ ላይ ጻፋችሁት ወይ ልላቸው አስቤ ነበር። ተዘግቷል ብላኛለች። ደጋግሞ መጠየቅ የሽማግሌ ሥራ ነው ይሉኛል።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ጾም ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። የገርጂው ዕድር እንዲገባ ሁሉንም አፍርሰው፣ የእኛንም ጭምር፣ ከአብነቱ እንደ አዲስ አቆሙት አሉ። ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ሙኽታር ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ጣት ቆመ ብሎ ቀለደብኝ። ያለ እኔ ጣት የቆመ ነገር አይበረክትም አልኩት።

ለቀልድ ነበር ያልኩት።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ነገርናት። ቀበርነው።

ልብሴ ጭቃ ነው። እጄ አይጽፍም። ነገ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሐሙስ የሆነውን እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ጠፍቶ ይቀራል፤ ወይም ሌላ ሰው እንደፈለገው ያወራዋል።

አመሻሽ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። የዕድር መልእክት ነው። እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «የዕድራችን አባል የወይዘሮ እንቁ ልጅ አቶ አብኔዘር» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀጥሎ ያለውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ገብረዋሕድ ጋ ደወልኩ። መርዶ ተነግሯል ወይ አልኩት። አልተነገረም አለ። መኪናው ሚሌ አጠገብ ተገልብጦ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ቀን ደውሎ ነገረው፤ አስከሬኑ እየመጣ ነው፤ ለእንቁ ንጋት ላይ ልንነግራት ይዘናል አለ። ታዲያ ይህ መልእክት ምንድን ነው ብለው አልገባውም። እኔ ያስቀመጥኩት ለነገ እንዲዘጋጅ ነው እንጂ አልላክሁትም፤ ያለ ምልክት አይወጣም ተብሏል እኮ አለ። ወጥቷል አልኩት። «እሸቴ፣ እሷም ስልክ አላት» አለ።

ብሩክታይት ከጓዳ ወጥታ ስልኳን እያየች ነበር። ትናንት ከአብነቱ እንደገና ስናቆመው፣ በእጄ የዘጋሁት ጠፋ አለች። አብነቱ አያውቀውም ነበር፣ በእጄ ነበር የዘጋሁት፣ በእጄ ነበር እያለች አንዱን ነገር ትደጋግመዋለች። አሁን የማለቀሻ ጊዜ አይደለም አልኳት። ከሙኽታር ጋር ተካፍለው ለአባሉ ሁሉ እየደወሉ ለእንቁ እንዳትደውሉ፣ እንዳትሄዱ እንዲሉ ነገርኳት። ለእኔ መኪና ጥሪልኝ አልኳት። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ካፖርቴን ረሳሁ።

ለሚ ኩራ ስንደርስ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ሹፌሩ ስንተኛው ብሎክ ነው አባባ ይለኛል። ሁሉም አንድ ነው! አንዱን ፎቅ አይተው ሌላውን ያቆሙት ይመስላል፤ ያው መስኮት፣ ያው ደረጃ፣ ያው ቆርቆሮ በር። ሁለት ጊዜ የሰው ቤት አንኳኳሁ። ሦስተኛው ላይ ራሷ እንቁ ከፈተች። እየሳቀች ነው የከፈተችው።

«እሸቴ! ደግሞ አንተን ምን ነፋስ ጣለህ? በስብሰሃል እኮ፣ ግባ።»

በዚህ በኩል ላልፍ ስል ዝናብ ያዘኝ አልኳት። ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ በየትኛው በኩል እንደሚታለፍ እግዜር ይወቅ። አላወላወለችም፤ ፎጣ ሰጠችኝ፣ አስቀመጠችኝ። እግዜር ነው ያመጣህ አለችኝ። ስልኳን ከመሶቡ ላይ አንሥታ ዘረጋችልኝ። ቅድም ጮኾ ነበር፤ ራሕማ ከሥራ ስትመጣ ታነብልኛለች ብዬ እየጠበቅኩ ነው፣ አንተ ካለህ እሷን ምን አስጠበቀኝ አለች።

«ዕድሩ ይሆናል። ማን ሞቶ ይሆን? አንብብልኝ እስቲ።»

ያዝኩት። እንደ እኔው ስልክ ነው፣ ያው ጽሑፍ። ስሙ መሀል ላይ ነው። እሷ አጠገቤ ቆማ አፌን ታያለች።

የንግድ ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻል ነበር። የመዋጮ ጥሪ ነው ማለት ይቻል ነበር። አሁን ሳስበው ስንት ነገር ይመጣልኛል። ያኔ ግን የልጁ ስም ላይ ሌላ ነገር ላነብ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ገና በዳዴ ሲሄድ በእኔ ግቢ ነው የሄደ። ስልኩን መለስኩላት።

«አላውቅም» አልኩ። «ፊደል አላውቅም።»

አየችኝ። ቀለድኩ መሰላት። እሷ ራሷ ሲያስተምሩን አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ሦስት ቀን ተምራ ተወችው። «ያ ሁሉ ጋዜጣስ?» አለች። ሥዕሉን ነው የማየው አልኳት።

ሳቀች! ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይሄን ሁሉ ዘመን ደረትህን ነፍተህ፣ መነጽርህን ወልውለህ፣ ሥዕል ልታይ ነው? እኛስ እሸቴ ምሁር ነው ብለን ስንፈራህ! በዚያ መሀል ራሕማ ገባች፤ ጃንጥላዋን እያራገፈች። እንቁም ነገረቻት፤ ነይ ስሚ፣ ይህ ሽማግሌ ለካ እንደ እኔው ነው አለቻት። ልጅቱ ለትሕትና ፈገግ አለች።

«አፀደ ታውቅ ነበር?» አለችኝ እንቁ።

«ታውቅ ነበር» አልኩ።

ይህ ነው የከበደኝ። ሌላው አልከበደኝም።

እንቁ ስልኩን ለራሕማ ሰጠቻት። ተነሥቼ ስልኩን ልቀማት አልኩ፣ ወገቤ አላነሣ አለኝ። ልጅቱ አነበበች። ዓይኗ ከጽሑፉ ተነሥቶ እኔን አገኘኝ። ራሴን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቅኩ። ድምፅዋ ሳይለወጥ ማስታወቂያ ነው እማማ፣ ዕጣ ወጣልሽ የሚሉት ነው አለች። ከዚያ ልብሴን ልቀይር ብላ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ቆማ እንደቀረች ሰማሁ። ቆይታ ተመለሰች፤ ዓይኗን ታጥባ፣ ዳቦ ይዛ። ይህች ልጅ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ያሳደጋት ይባረክ።

ዝናቡ አልቆመልኝም ብዬ አደርኩ። ሽሮ አበላችኝ። ስለ አብኔዘር አወራች፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ የመታጠቢያውን ቧንቧ ያስተካክላል፣ ዘንድሮ ካላገባ ልጄ አይደለም። እኔ እህ እላለሁ። በየመሀሉ ፊደል ላስቆጥርህ እያለች ትቀልድብኛለች። ራሕማ ከእኛ ጋር ተቀምጣ አመሸች፤ እንቁ ስልኩን በፈለገች ቁጥር ቻርጅ ላይ ነው ትላታለች። ስልኩ እሷ ቤት ነው ያደረ።

እንቁ ተኛች። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስታንኮራፋ ሰማኋት።

ንጋት ላይ ገብረዋሕድና ሽማግሎቹ መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌላውን አልጽፈውም።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ብሩክታይት አትበላም። ዛሬ ሙኽታርን ጠርታ ሁሉንም እናፍርሰው፣ ዳግም አናቆመውም፣ ይቅር አለችው። ለዕድሩም ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ አለች። ሰዎቹ እየደወሉ ይሰድቧታል። አንዷ፣ «የቦሌ ልጅ ምን ሐዘን ታውቃለች» ብላታለች። የቦሌ ልጅ ነኝ እኔም! ቦሌ ሐዘን የለም እንዴ?

እንድታፈርሺው አልፈቅድም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ይህን አይደለም ወይ አለችኝ። የምፈልገውን አንቺ አትነግሪኝም አልኳት። ሃይለኣብ ቀብር ላይ የመጣውን ሰው አይቻለሁ። የእኔ ጡሩምባ ከሆቴሉ አጥር አያልፍም። ይህን ለሷ ነው ያልኩት፤ ለገብረዋሕድ አልልም።

«ተቀመጪና አብነቱ ላይ ጻፊው። በእጅሽ አይደለም። አብነቱ ላይ።»

ተቀመጠች። ሙኽታርም ተቀመጠ። ስትጽፍ ቆሜ አየሁ። ጉዳዩን በአማርኛ አንብቢልኝ አልኳት። መርዶ መነገሩን ያረጋገጠው ሽማግሌ ስም ካልገባ ማስታወቂያው ለማንም አይሄድም፤ በሩም በእጅ ሊከፈት አይችልም። ከዚያ አፍርሰው አቆሙት። እንደገና አፈረሱ፣ እንደገና አቆሙ። በየጊዜው በሩ ተዘግቶ ተገኘ።

ያን ቀን አሁኑኑ ብዬ ጠረጴዛ የመታሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተሞክሮ ብላኝ ነበር። እሷ ይህን አንዴም አላነሣችብኝም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ሰው ሞልቶ በረንዳ ላይ ቆሟል። እንቁ ጥቁር ለብሳ መጥታለች፤ ዕድሩን ላመሰግን ነው የመጣሁት አለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰዉ በቁጣ ነው የመጣው። ማሽኑ ይቅር፣ ጡሩምባው ይመለስ ይላል። ስሜን እየጠሩ ያወድሱኛል። ጥንት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ቢሆን አለቅስ ነበር። ገብረዋሕድ ጉሮሮውን ጠረገና ጥፋቱ የልጆቹ ነው፣ እኛ ተታለልን አለ። ብሩክታይት ኋላ ቆማ መሬት ታያለች።

ተነሣሁ። ጥፋቱን ለመከፋፈል ከሆነ ለእኔም ስጡኝ አልኩ። ልጅቷ ሳምንት ስጠኝ ብላኝ፣ እኔ አጣድፌ በእጇ እንድትነካካው አድርጌያለሁ። ገብረዋሕድም ሳያጣራ ጽፏል፣ የራሱን ይውሰድ። አሁን አብነቱ ላይ ተጽፏል፣ ሁለቴ ሲያፈርሱት ሲያቆሙት ቆሜ አይቻለሁ። ጡሩምባ ይመለስ የምትሉኝ፣ ለሚ ኩራ ሆናችሁ ጡሩምባዬን የሰማ እጁን ያውጣ አልኩ። የወጣ እጅ የለም። ገብረዋሕድ ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ነው አለኝ። የመጀመሪያው ስም አስገቢ እኔ ነኝ፤ እኔ መርዶ ተነግሯል ሳልል ያ ማሽን አይተነፍስም አልኩት። ማን ሾመህ አለ። አሁን ትሾሙኛላችሁ አልኩ። አጉረመረሙ፣ ተከራከሩ። ሾሙኝ።

ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ለፊርማ ዞረ። ተሿሚው መጀመሪያ ይፈርም ተባለ። የእኔን ፊርማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አፀደ ያስተማረችኝ ነው፣ የ«እ» እግሯ ረዘም ያለ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። እንቁ አጠገቤ ናት። ጽሑፉን አታነብም፤ እጄን ግን ታያለች።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ቀለሙን አቀብሉኝ አልኩ።

ገብረዋሕድ ምን ነካህ፣ ጤና የለህም እንዴ አለኝ። ቀለሙን አልኩ። የጣት ፊርማ ለሚፈርሙት የተቀመጠውን ሳጥን ገፋልኝ። ኋላ የተቀመጡት ተንሾካሾኩ። አንዱ ለካ እውነት ነው የሚወራው አለ፤ ወሬው ከለሚ ኩራ እዚህ ደርሷል። ይውራ። ጣቴን ነከርኩና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ሲነሣ ትልቅ ሰማያዊ ዝርክርክ ሆነ፤ የጣት መልክ የለውም። ገብረዋሕድ ወረቀቱን አበላሸኸው አለ።

እንቁ ወንበሯን ሳበች። እጄን ያዘችው። አይጫንም አለችኝ፤ ከዳር ጀምረህ አንከባልለው፣ እንዲህ። አውራ ጣቴን በሁለት እጇ ይዛ ከዳር እስከ ዳር አንከባለለችልኝ። ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«እኔ ዕድሜዬን በጣቴ ነው የፈረምኩት። ያንተ ጣት ዛሬ መጀመሩ ነው።»

«ፊደል አላውቅም» አልኳት።

ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

«እሺ» አለችኝ። «አታውቅም።»

ቤት ስገባ ብሩክታይት ጣቴን አይታ በሳሙና ላጥብልህ አለች። ተይው አልኳት።